ማን ያውቅሃል? የመታወቂያ ታሪክ ከዋስ እስከ ኮምፒዩተር መዝገብ

ስደተኛ በደረሰበት አገር ሁሉ የሚጠብቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «አንተ ማን ነህ?» የሚል ነው። ስሙን ቢናገር አይበቃም፤ የአባቱንና የአያቱን ስም ቢጨምርም አይበቃም። ጠያቂው የሚፈልገው «ይህ ሰው እውነትም እርሱ ነው» ብሎ የሚመሰክር ሌላ ሰው ወይም ወረቀት ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ ተምረን ለዓመታት ጠመኔ ይዘን የቆየን ሰዎች እንኳ ዲፕሎማችን ከእጃችን ስለሌለ ብቻ እንዳልተማርን እንቆጠራለን። ስለዚህ የመታወቂያ ታሪክ ለእኛ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ዛሬ በኮምፒዩተር ዓለም እስከ ደረሰበት ድረስ ባጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

በአገራችን በቀድሞው ዘመን የሰው መታወቂያው ሰው ነበር። ከዳኛ ፊት የቆመ ባለጉዳይ ዋስ ይጠራ ነበር፤ ዋስ ያጣ ባለዕዳ ደግሞ ከባለገንዘቡ ጋር በቁራኛ ታስሮ ይውላል። በመንደር ስርቆት ሲደርስ ሕዝቡ በአፈርሳታ ይሰበሰብና ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ አይበተንም። የእያንዳንዱ ሰው ምግባር የተጻፈው በጎረቤቶቹ ልብ ውስጥ ስለ ነበረ አንድ ሹም ብቻውን ሊፍቀው አይችልም ነበር። ዕቁባችን ዛሬም በዚሁ ደንብ ይሄዳል፤ ዕጣ የወጣለት አባል ዋስ ሳያቀርብ ገንዘቡን አይቀበልም።

ሆኖም ይህ ልማድ ሁለት ጉድለት ነበረበት። አንደኛ፣ ከወንዝ ማዶ አይሠራም፤ ጎንደር የተከበረ ሰው ሐረር ሲደርስ ማንም አያውቀውም። ሁለተኛ፣ ሕዝብ የሚያስታውሰው እውነቱን ብቻ አይደለም። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ በሚሠራው ባለእጅና ሸክላ በምትሠራው ሴት ላይ «ቡዳ» የሚል ስም ተለጥፎ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ ኖረ። ያን ስም የሚሰርዝ ዳኛ አልነበረም።

ቀጥሎ የመጣው የመንግሥት ወረቀት ነው። በሐምሌ 1975 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ፣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ በየከተማው ተቋቋሙ። ከዚያ ወዲያ የቀበሌ መታወቂያ የሌለው ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳርና ዘይት ለመግዛትም ሆነ ሌላ ጉዳይ ለማስፈጸም ይቸገር ነበር። ወረቀቱ ባለቤቱን ከሰፈሩ ውጭም ስላሳወቀው ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል። ነገር ግን ምስክርነቱ ከብዙ ጎረቤት ወደ አንድ ማኅተም ተዛወረ። ማኅተሙን የያዘው ሰው ሲጠላህ፣ ወይም አገር ጥለህ ስትወጣ፣ ትናንት የነበርከው ሰው ዛሬ እንዳልነበርክ ትሆናለህ።

የዚህችን የጂቡቲ ከተማን ታሪክ ብንመለከት ወረቀት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ይበልጥ እንረዳለን። በነሐሴ 1966 ዠኔራል ደጎል ከተማዪቱን ሲጎበኙ ነጻነት የሚጠይቅ ሕዝብ በሰልፍ ጠበቃቸው፤ ግጭትም ተነሣ። ከዚያ በኋላ የፈረንሳይ አስተዳደር ከተማዪቱን በሽቦ አጥር ከበባት። ርዝመቱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ይህ አጥር ፈንጂ የተቀበረበትና በወታደር የሚጠበቅ ሲሆን፣ በበሮቹ ማለፍ የሚችለው ወረቀት ያለው ብቻ ነበር። ሾልከው ሊገቡ ሲሞክሩ ሕይወታቸውን ያጡ ነበሩ። መግባት የተከለከሉት ከአጥሩ ውጭ ጎጆ ቀለሱ፤ ባልባላ የተባለው ሰፈር አመጣጡ ይህ ነው። ጂቡቲ በሰኔ 1977 ነጻ ወጣች፤ አጥሩም በኋላ ቀረ፤ ባልባላም ዛሬ ሰፊ የከተማው ክፍል ሆኗል። አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች በአጥሩ ወዲህና ወዲያ ማዶ የተለያዩት ግን በአንድ ካርድ ምክንያት ነበር።

ታዲያ መንግሥቱ የካደውን ሰው ማን ያሳውቀው? ይህን ጥያቄ ዓለም በይፋ የተጋፈጠው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1921 የሶቪየት መንግሥት በውጭ አገር የቀሩ ብዙ ሩሲያውያንን ዜግነት ገፈፈ። በ1922 የመንግሥታት ማኅበር የስደተኞች ኮሚሽነር የነበረው ኖርዌያዊው ፍሪድትዮፍ ናንሰን ለእነዚህ ሰዎች ልዩ የመታወቂያ ወረቀት እንዲሰጥ መንግሥታትን አስማማ። «የናንሰን ፓስፖርት» የተባለው ይህ ወረቀት በ1924 ለአርመኖችም ተፈቀደ፤ የሙዚቃ ደራሲው ስትራቪንስኪና ሠዓሊው ሻጋል ከያዙት ሰዎች መካከል ነበሩ። የ1951 የስደተኞች ስምምነትም በ27ኛው አንቀጹ፣ የጉዞ ሰነድ ለሌለው ስደተኛ የመታወቂያ ወረቀት እንዲሰጠው ያዛል። ጂቡቲ ስምምነቱን የተቀበለችው በነጻነቷ ዓመት በ1977 ነው። በኪሳችን የምንይዘው የስደተኛ ካርድ የናንሰን ወረቀት የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ የዚህም መዝገብ የሚገኘው በሰጪው እጅ ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን ነገር እንምጣ። በ2008 ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል የብዕር ስም የተሸሸገ ሰው ወይም ቡድን ቢትኮይን የተባለውን የኮምፒዩተር ገንዘብ አሠራር ይፋ አደረገ። ገንዘቡን ትተን መዝገቡን እንመልከት። ብሎክቼይን የተባለው ይህ መዝገብ፣ የዕቁቡ ጸሐፊ ብቻ ሳይሆን ብዙ አባላት እያንዳንዳቸው ሙሉ ቅጂ የያዙበት ደብተር ማለት ነው። እያንዳንዱ ገጽ ከፊተኛው ገጽ የተቀመረ ምልክት ስላለበት፣ አንዱን ገጽ ፍቆ የሚለውጥ ሰው የተከታዮቹ ገጾች ምልክት ሁሉ ይፋለስበታል፤ የሌሎቹ ቅጂም ያጋልጠዋል። እያንዳንዱ ተጠቃሚ ደግሞ ሁለት ቁልፍ አለው፤ በምስጢሩ ቁልፍ እርሱ ያትማል፣ በግልጹ ቁልፍ ማንም ሰው ማኅተሙ የእርሱ መሆኑን ያረጋግጣል።

ከዚህ ተነሥተው አንዳንድ ሊቃውንት «መታወቂያስ ለምን እንዲሁ አይሆንም?» አሉ። ትምህርት ቤቱ ዲፕሎማውን በራሱ ቁልፍ አትሞ ለተማሪው ይሰጣል፤ ተማሪው በስልኩ ይዞት ይዞራል፤ ቀጣሪው ወደ ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ሳይጽፍ እውነተኛነቱን ያያል። ትምህርት ቤቱ ቢቃጠል ወይም መንግሥት ቢለወጥ ማስረጃው አይጠፋም። ይህ ሐሳብ አገራችንም ደርሷል። በሚያዝያ 2021 የኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴርና ካርዳኖ የተባለውን ብሎክቼይን የሠራው ኩባንያ፣ የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት በዚህ ዓይነት መዝገብ ለመያዝ መስማማታቸው ተነገረ፤ ዕቅዱ 3,500 ትምህርት ቤቶችንና 750 ሺሕ መምህራንን የሚመለከት ነበር።

በእነዚህ መዝገቦች ላይ በሚገናኙ ሰዎች ዘንድ ግን ሌላ ችግር ተነሣ። ሰዎቹ ፊት ለፊት አይተያዩም፤ የሚተዋወቁት በቁጥርና በቅጽል ስም ነው። አጭበርባሪው ስሙ ሲበላሽበት ይጥለውና በሌላ ስም ይመጣል፤ ወይም አንዱ ሰው መቶ ስም አውጥቶ ድምፅ ሲሰጥ መቶ ሰው ይሆናል። ለዚህ መድኃኒት ይሆናል ብለው ቪታሊክ ቡተሪንና ሁለት ባልደረቦቹ በ2022 የማይሸጥና ለሌላ የማይተላለፍ ምልክት እንዲኖር ሐሳብ አቀረቡ፤ ሰው የተማረውን፣ የሠራውንና ሌሎች የመሰከሩለትን የሚያሳይ ምልክት ነው። አያቶቻችን ቢሰሙት «ይህማ መልካም ስም ነው» ይሉ ነበር።

እንግዲህ ችግራችን ተቃለለ ማለት ነውን? ሦስት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ መዝገቡ የተጻፈውን ከመለወጥ ይጠብቃል እንጂ የተጻፈው እውነት ለመሆኑ ዋስ አይሆንም፤ የመጀመሪያውን ቃል የሚሰጠው ምንጊዜም ሰው ነው። ሁለተኛ፣ የማይፋቅ መዝገብ ለተሳደደ ሰው አደጋ ሊሆን ይችላል። ቤልጂጎች በ1930ዎቹ በሩዋንዳ መታወቂያ ላይ ያስጻፉት የጎሣ ስም በ1994 በየኬላው የሞት ፍርድ ሆነ። በ2021 ሂዩማን ራይትስ ዎች እንደ ገለጸው፣ በባንግላዴሽ የተመዘገቡ የሮሂንጊያ ስደተኞች መረጃ፣ ብዙዎቹ በቅጡ ሳይረዱት፣ ከሸሹት ከምያንማር መንግሥት እጅ ገብቷል፤ የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ግን ፈቃዳቸው ተጠይቋል ብሏል። «ቡዳ» የሚለውን ስም በማይለቅ ቀለም የሚጽፍ መዝገብ ማን ይፈልጋል?

ሦስተኛ፣ በዚህ አሠራር ቁልፉ የጠፋበት ሰው ራሱን አጣ ማለት ነው፤ ስልኩን በመንገድ የሚቀማ ደግሞ ስደተኛ ነው። ለዚህ የተገኘውን ዘዴ ስሙ፤ ባለቤቱ የሚያምናቸውን ጥቂት ሰዎች አስቀድሞ ይመርጣል፤ ቁልፉ ሲጠፋ አብዛኞቹ ተስማምተው መዝገቡን ይመልሱለታል። ይህ ከዋስ በምን ይለያል? ኮምፒዩተሩ ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ የደረሰው አያቶቻችን ከተነሡበት ቦታ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ የሰው ማንነት ጠባቂው አንድ ብቻ ሲሆን በቀላሉ እንደሚጠፋ፣ ጠባቂዎቹ ሲበዙ ግን እንደሚተርፍ ነው። ይህን ለመፈጸም ኮምፒዩተር እስኪመጣልን መቀመጥ አይገባንም። በካምፓችን ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ያስተማሩ፣ በአንድ ክፍል የተማሩ፣ በአንድ ሆስፒታል ያገለገሉ ሰዎች አሉ። ሁለት ሦስት ሆነው፣ አንዱ ስለ ሌላው በዓይኑ ያየውን ብቻ፣ ቦታውንና ዓመቱን ጠቅሶ ይጻፍ፤ ይፈርምበት፤ ቅጂውም በሦስት ቤት ይቀመጥ። የልጆቻችንንም የክፍል ውጤት በአንድ መምህር ደብተር ብቻ አንተወው። ብሔርና ሃይማኖት ግን አይጻፍ፤ ለሥራም ለትምህርትም አያስፈልግምና። የተጻፈበት ሰውም ሁልጊዜ አንብቦ የማረም መብት ይኑረው።

እንዲህ ያለው ወረቀት ዲፕሎማ አይተካም። ነገር ግን ነገ አንድ ባለሥልጣን «ማን ያውቅሃል?» ሲለን የምንጠራው ስም ይኖረናል። ደብተሩን ለመጀመር ፈቃደኛ የሆኑ መምህራን ለዚህች ጽሑፍ አዘጋጆች ይንገሩ።