የሕፃናት አስተኛኘት

የሕፃናት አስተኛኘት ሲባል ዕድሜው አንድ ዓመት ያልሞላው ልጅ ሲተኛ በጀርባው ነው፣ በጎኑ ወይስ በሆዱ የሚለው ጥያቄ፣ የሚተኛበት ፍራሽና አጠገቡ የሚደረገው ነገር ሁሉ ይነሣል። በዚህ ዘመን የሕፃናት ሐኪሞች ምክር ያለ ማወላወል አንድ ነው፤ ጤነኛ ሕፃን ቀንም ሆነ ሌሊት፣ ጠንከር ባለና ዝርግ በሆነ ፍራሽ ላይ፣ በጀርባው ተንጋሎ ይተኛል። የምክሩ ዋና ምክንያት ድንገተኛ የሕፃናት ሞት የሚባለው ነው። በብዙ አገሮች ግን እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሐኪሞች ራሳቸው የሚመክሩት ተቃራኒውን ነበር።

ድንገተኛ የሕፃናት ሞት በ1969 በአሜሪካ ሲያትል ከተማ በተደረገ ጉባኤ ስምና ትርጓሜ ተሰጠው። ደህና አምሽቶ የተኛ ልጅ ሞቶ ይገኛል፤ አስከሬኑ ሲመረመርም ምክንያት አይገኝም። በኋላ ትርጓሜው ጠብቆ፣ ልጁ የሞተበት ቦታና የጤና ታሪኩም መጣራት እንዳለበት ተጨመረ። ሞቱ የሚበረታው ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ዕድሜ ሲሆን፣ ከአሥሩ ሞት ዘጠኙ ልጁ ስድስት ወር ሳይሞላው ይከሰታል። ወላጅ ሳል ወይም ትኩሳት ቢጠብቅ አያገኝም፤ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ምልክት የለውም።

በሆድ መተኛት ለምን ይጎዳል

በሆዱ የተኛ ሕፃን ረዘም ያለና ጥልቅ እንቅልፍ ይተኛል፤ ቶሎ አይባንንም። በአገር ቤትም በውጭም ብዙ እናት «በሆዱ ሲሆን እንቅልፍ ይወስደዋል» የምትለው ልክ ነው፤ ጉዳቱም ያለው እዚያው ላይ ነው። ሕፃን አየር ሲያጥረው የሚያተርፈው መባነኑ ነው። ይነቃል፣ ራሱን ያዞራል፣ ያለቅሳል። ፊቱን ወደ ፍራሹ ደፍቶ ሲተኛ ደግሞ አፍና አፍንጫው አካባቢ ያስወጣው አየር ይጠራቀምና ያንኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት አየር መልሶ ይተነፍሳል፤ ሙቀቱም ከሰውነቱ እንደ ልብ አይወጣም። ትልቅ ሰው እንዲህ ሲሆን ሳያውቀው ተገላብጦ ይተኛል። የሦስት ወር ልጅ ግን አንገቱ ገና አልጸናም።

ሁሉም በሆዱ የተኛ ሕፃን ግን አይሞትም፤ እንዲያውም አብዛኞቹ ምንም አይሆኑም። ይህን ለማስረዳት ፊሊያኖና ኪኒ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ1994 ሦስት ነገሮች ሲገጥሙ ነው ሞቱ የሚመጣው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። አንዱ ዕድሜው ነው። ሁለተኛው ከውጭ የማይታይ የልጁ ደካማነት ነው። በቦስተን ሃና ኪኒ ያካሄዱት ምርምር በብዙዎቹ ሟቾች የአንጎል ግንድ ውስጥ፣ አተነፋፈስንና መንቃትን በሚቆጣጠረው ክፍል፣ ሴሮቶኒን የተባለው ኬሚካል መዛባቱን አሳይቷል። ሦስተኛው የውጭ ምክንያት ነው፦ በሆድ መተኛት፣ ለስላሳ ትራስ፣ የሲጋራ ጭስ፣ ከመጠን ያለፈ ሙቀት። ከሦስቱ በወላጅ እጅ ያለው ይህ የመጨረሻው ብቻ ነው።

«ትን ይለዋል»

በጀርባ ማስተኛትን የሚቃወም ሁሉ የሚያነሣው ክርክር ይህ ነው። ሕፃን ጠብቶ ሲያበቃ ያቀረሻል፤ ተንጋሎ ሲያቀርሽ ወተቱ ወደ ሳንባው ገብቶ ትን ይለዋል ተብሎ ይፈራል። ስጋቱ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም የሰውነት አሠራር አይደግፈውም። የአየር ቧንቧ ያለው ከፊት፣ የምግብ ቧንቧ ያለው ከኋላ ነው። ስለዚህ ልጁ በጀርባው ሲሆን የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከሥር ይውላል። ከጨጓራ የተመለሰው ወተት ሳንባ ለመግባት ሽቅብ መውጣት ይኖርበታል፤ ሕፃኑም ወይ መልሶ ይውጠዋል፣ ወይ በአፉ ጥግ ያፈሰዋል። በሆዱ ሲደፋ ነገሩ ይገለበጣል፤ የተመለሰው ወተት የአየር ቧንቧው አፍ ላይ ይጠራቀማል። በጀርባ ማስተኛት በተለመደባቸው አገሮች በትንታ የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር አልጨመረም። የጨጓራ መመለስ የሚያስቸግራቸው ሕፃናትም ቢሆኑ፣ የተለየ የጉሮሮ ችግር ኖሮባቸው ሐኪም ካላዘዘ በቀር፣ በጀርባቸው ነው የሚተኙት።

ምክሩ የተገለበጠበት ታሪክ

በ1944 ሃሮልድ አብራምሰን የተባሉ የኒው ዮርክ ሐኪም ታፍነው ሞቱ የተባሉ ሕፃናትን ሲመረምሩ አብዛኞቹ በሆዳቸው ተኝተው የተገኙ መሆናቸውን ጽፈው ነበር። ሰሚ አላገኙም። በምዕራቡ ዓለም የሕፃናት አስተዳደግ ዋና መሪ የሆኑት ቤንጃሚን ስፖክ ከ1950ዎቹ አጋማሽ በኋላ በታተሙት የመጽሐፋቸው እትሞች በሆድ ማስተኛትን መከሩ፤ ምክንያታቸውም ያው ትንታና የጭንቅላት መጠፍጠፍ ነበር። መጽሐፉ በሚሊዮኖች ቤት ገባ። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሆዳቸው ሲሆኑ አተነፋፈሳቸው እንደሚሻል በሆስፒታል መታየቱም፣ ለጤነኛውም ይበጃል የሚል ግምት አሳደረ።

ማስረጃው ከሩቅ መጣ። በ1985 ዴቪስ የተባሉ ሐኪም በሆንግ ኮንግ ድንገተኛ የሕፃናት ሞት እጅግ ጥቂት መሆኑን አስታወቁ። እዚያ ልጅ የሚተኛው በጀርባው ነው። በአውስትራሊያ አዴሌድ ሱዛን ቢል ሟች ሕፃናት የተገኙባቸውን ቤቶች ራሳቸው እየሄዱ እያዩ ተመሳሳይ መደምደሚያ ላይ ደረሱ። በኔዘርላንድስ በሆድ ማስተኛት የተስፋፋው በ1970ዎቹ ሲሆን ሞቱም አብሮ ጨመረ፤ በ1987 ደ ዮንገ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ለሕዝቡ «በሆድ አታስተኙ» ብለው አወጁ፤ ሞቱም ቀነሰ። በኒውዚላንድ በኤድ ሚቸል የተመራው ሰፊ ጥናትና በእንግሊዝ ብሪስቶል ፒተር ፍሌሚንግ የሠሩት ጥናት ነገሩን አጸኑት።

ያም ሆኖ የእንግሊዝ መንግሥት እንዲነቃ አንዲት እናት ያስፈልጉ ነበር። የቴሌቪዥን አቅራቢዋ አን ዳይመንድ በ1991 ሕፃን ልጃቸውን በድንገተኛ ሞት ካጡ በኋላ ኒውዚላንድ ድረስ ሄደው ምን እየተሠራ እንደሆነ አዩ፤ ተመልሰውም ባለሥልጣናቱን ወጥረው ያዙ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በጀርባ አስተኙ የሚለው ዘመቻ በቴሌቪዥን ተጀመረ፤ የሟቾቹም ቁጥር በአጭር ጊዜ ከግማሽ በታች ወረደ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ1992 ምክሩን ለወጠ፤ አገር አቀፍ ዘመቻው በ1994 ተከተለ። በአሜሪካ በ1990 ከ100,000 ልደት 130 ገደማ የነበረው ድንገተኛ የሕፃናት ሞት በ2020 ከ40 በታች ሆኗል። ከዚህ ቅናሽ ከፊሉ መርማሪዎች ቀድሞ በዚህ ስም ይመዘግቡት የነበረውን ሞት «መታፈን» ወይም «ምክንያቱ ያልታወቀ» እያሉ መጻፍ በመጀመራቸው የመጣ ነው፤ ትልቁ ድርሻ ግን የአስተኛኘቱ ለውጥ ነው።

በ2005 የወጣ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ግምገማ በ1970 እጅ ላይ የነበሩትን ጥናቶች አሰባስቦ ቢመለከት፣ የሆድ አስተኛኘት አደገኛነት ያኔውኑ ሊታወቅ ይችል እንደነበር አገኘ። ያኔ ታውቆ ቢሆን በብሪታንያ ብቻ ከ10,000 በላይ፣ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በአውስትራልያ አካባቢ ቢያንስ 50,000 ሕፃናት ይተርፉ ነበር። 

በጎንስ?

መጀመሪያ ላይ «በጀርባ ወይም በጎን» ይባል ነበር፤ ብዙ አያቶችም ዛሬ ድረስ የተጠቀለለ ጨርቅ ከጀርባው ደግፈው በጎኑ ማስተኛትን ይመርጣሉ። ነገር ግን በጎን የተጋደመ ሕፃን አይረጋም፤ ጥቂት ሲንቀሳቀስ በሆዱ ይደፋል። ድጋፍ የተባለው ጨርቅ ራሱ ፊቱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ይህ ምርጫ ከምክሩ ወጥቷል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበው፣ በጀርባው መተኛት የለመደ ልጅ አንድ ቀን በሆዱ ሲተኛ አደጋው ሁልጊዜ በሆዱ ከሚተኛው ልጅ እንኳ በብዙ እጥፍ መብለጡ ነው። አራስ ልትጠይቅ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የመጣች አያት፣ የሰዓት ሞግዚት ወይም የሕፃናት ማቆያ ሠራተኛ ልጁን በፈለጉት መንገድ ካስተኙት የእናቲቱ ጥንቃቄ ብቻውን አይበቃም። ልጁን የሚያስተኛ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ማድረግ አለበት።

መኝታውና አብሮ መተኛት

ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ የተጣጠፈ ጋቢ፣ የጨርቅ አሻንጉሊትና የአልጋ ዙሪያ ስፖንጅ ከሕፃን መኝታ ይወጣሉ። የተወጠረ አንሶላና ፍራሽ ይበቃል። ብርድ ከሆነ ልጁን ማልበስ እንጂ በላዩ መደረብ አይመከርም፤ ቤት ውስጥ ቆብ ማድረግም አያስፈልግም። ደረቱ ወይም ማጅራቱ ሲዳሰስ ካላበው በዝቶበታል ማለት ነው።

አብሮ መተኛት አከራካሪው ርእስ ነው። እናት በእንቅልፍ ልጇ ላይ ተኝታ መግደሏ ጥንታዊ ስጋት ነው፤ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 3 ሰሎሞን የፈረደባቸው ሁለት ሴቶች ክርክር የተነሣው ከዚህ ዓይነት ሞት ነው። የአሜሪካው አካዳሚ ምክር ሕፃኑ ቢያንስ እስከ ስድስት ወር ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል፣ በራሱ መኝታ ይተኛ የሚል ነው። በኢትዮጵያ ገጠር ግን ልጅ ለብቻው አልጋ ማግኘቱ ብርቅ ነው፤ ከእናቱ ጎን መደብ ላይ ያድራል፣ ሌሊቱን ሲጠባ ያነጋል። እንዲህ ያለውን ቤት «አልጋ ግዙ» ማለት ምክር አይሆንም፤ አደጋውን የሚያብሱትን መለየት ግን ይቻላል። ከወላጅ አንዱ ሲያጨስ፣ አልኮል ወይም የሚያስተኛ መድኃኒት ሲወስድ፣ ልጁ ገና አራት ወር ሳይሞላው ወይም ያለ ጊዜው ተወልዶ ሲሆን አብሮ መተኛት በጣም ያሰጋል። ከሁሉ የከፋው ሕፃን ታቅፎ ሶፋ ላይ ማንቀላፋት ነው። እናት በሌሊት እያጠባች እንቅልፍ ሊያሸንፋት ይችላል ካለች፣ ትራስና ብርድ ልብስ የተነሣለት አልጋ ከሶፋ ይሻላታል።

ኒውዚላንዶች መካከለኛ መንገድ አግኝተዋል። ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከማኦሪዎች ባህል የወጣው ዋሃኩራ የተባለ ከቅጠል የተሠራ ቅርጫት ከወላጆች ጋር በአንድ አልጋ ላይ ይቀመጥና ለልጁ የራሱን ቦታ ይሰጠዋል።

መገላበጥ፣ በሆድ ማጫወትና ጭንቅላት

ከአራት ወር አካባቢ ጀምሮ ሕፃናት መገልበጥ ይጀምራሉ። በሁለቱም በኩል በራሱ የሚገለበጥ ልጅ በጀርባው ይተኛል፤ በእንቅልፉ ዞሮ ቢገኝ ግን እየተነሡ መመለስ አያስፈልግም። ሊገለበጥ መሞከሩ ሲታይ ጥብቅ መጠቅለል ይቆማል፤ እጁ የታሰረ ልጅ ከተደፋ ራሱን አያነሣም።

በጀርባ መተኛት የራስ ቅልን ኋላ ማጠፍጠፉ እውነት ነው፤ ከ1990ዎቹ ወዲህም ይህ ዓይነት ጭንቅላት በዝቷል። አብዛኛው ልጁ ሲቀመጥና ሲድህ ይስተካከላል። ነቅቶ ሳለ፣ ሰው እያየው በሆዱ ማጫወት ደግሞ አንገቱንና ትከሻውን ያጠነክራል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ገና ያልዳኸ ሕፃን በቀን ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ተከፋፍሎ፣ እንዲህ ይዋል ብሏል። ጀርባ ላይ የታዘለ ልጅም ጭንቅላቱን ከፍራሽ ያሳርፋል፤ አፍንጫው በነጠላ አለመሸፈኑና አገጩ ደረቱ ላይ አለመውደቁ ይታይ።

ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሆስፒታል በመሣሪያ ክትትል ሥር በሆዳቸው ሊተኙ ይችላሉ፤ ሕፃናቱ ወደ ቤት ከመሄዳቸው ብዙ አስቀድመው ግን ነርሶች በጀርባ ያለማምዷቸዋል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም የሚሠራበት የካንጋሮ እንክብካቤ ሕፃኑን እናቱ ደረት ላይ ያቆያል፤ እናቲቱ ግን ቀና ብላ፣ የልጁ ፊት ወደ ጎን ዞሮ፣ አፍንጫው ክፍት ሆኖ ነው።

በገበያ ያሉ ዕቃዎች

የሚሸጥ ሁሉ ደህና አይደለም። ፊሸር ፕራይስ በሚያዝያ 2019 ሮክ ኤን ፕሌይ የተባለውን ተዳፋት የሕፃን መኝታ ወደ 4.7 ሚሊዮን የሚጠጋ ከአሜሪካ ገበያ ሰብስቧል፤ ከ30 በላይ ሕፃናት በዚያ ውስጥ መሞታቸው ተዘግቦ ነበር። ተዳፋት ላይ የተኛ ልጅ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቅና አየር መንገዱ ይጠባል፤ ወይም ተገልብጦ ፊቱ በጨርቁ ይሸፈናል። በ2022 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ከ10 ዲግሪ በላይ ተዳፋት የሆኑ የሕፃን መኝታዎችንና የአልጋ ዙሪያ ስፖንጆችን ከልክሏል። የመኪና ወንበርም ለጉዞ እንጂ ለመኝታ አልተሠራም፤ ቤት ሲደርሱ ልጁ እንቅልፍ ላይ ቢሆንም ወደ መኝታው ይዛወራል። የልብ ምትና ኦክስጅን የሚለኩ የቤት ካልሲዎችና ፍራሽ ሥር የሚደረጉ መሣሪያዎች ድንገተኛ ሞትን መቀነሳቸው አልተረጋገጠም፤ አካዳሚውም ለዚህ ዓላማ አይመክራቸውም።