ሊጡ ውስጥ ምን አለ? የጥቅል ቋሊማ አጭር ታሪክ

በእንግሊዝ አገር ሠርግም ይሁን ልደት፣ የገና ግብዣም ይሁን የቀብር መልስ ማዕድ፣ ከሁሉ አስቀድሞ በሳህን ተደርድሮ በእንግዶች መካከል የሚዞር አንድ ትንሽ ምግብ አለ። የተፈጨ የአሳማ ሥጋ በሊጥ ተጠቅልሎ፣ የእንቁላል አስኳል ተቀብቶ፣ በምድጃ የተጋገረ ነው። ለግብዣ ሲሆን ርዝመቱ ከአውራ ጣት አይበልጥም። በአንድ እጁ ብርጭቆ የያዘ እንግዳ በሌላው እጁ አንሥቶ በሁለት ጉርሻ ይጨርሰዋል፤ ሹካም ወንበርም አያሻውም። ለጋባዡም ቢሆን ምቹ ነው፤ በዋዜማው ጠቅልሎ ያሳድረዋል፣ እንግዳው ሊገባ ሲል ይጋግረዋል። ይህን የመሰለ ተራ ነገር ምን ታሪክ ይኖረዋል የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ሊጥ ሸፋኝ ነው። የሸፈነውን የሚያውቀው የጠቀለለው ሰው ብቻ በመሆኑ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የዘለቀው የዚህ ምግብ ታሪክ በሠሪና በበላተኛ መካከል የተካሄደ የመተማመንና የመጠራጠር ታሪክ ሆኖ ይገኛል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አሠራሩን አስቀድሞ ማየት ይበጃል። ሊጡ በየኬክ ቤቱ ሚልፎሊ እየተባለ የሚሸጠው ኬክ ከሚሠራበት ሊጥ ጋር አንድ ነው። ዱቄት በውሃና በጨው ይለወስና ይዳመጣል፤ ቀዝቃዛ ቅቤ በላዩ ይቀመጥና ሊጡ ይታጠፍበታል፤ ከዚያም እየተዳመጠ በሦስት ይታጠፋል። ይህ ስድስት ጊዜ ሲደጋገም አንድ የነበረው የቅቤ ንብብር 729 ይደርሳል። በየመሐሉ ሊጡ ቀዝቃዛ ቦታ ማረፍ ይኖርበታል፤ ቅቤው ከቀለጠ ከዱቄቱ ጋር ይዋሐድና የተለፋበት ንብብር ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የጋለ ምድጃ ውስጥ ሲገባ በሊጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ አንዱን ቅጠል ከሌላው ያላቅቀዋል። እርሾ የሌለው ሊጥ የሚነፋው በዚህ ብልሃት ነው። የተቀመመው ሥጋ በተዳመጠው ሊጥ ላይ እንደ ገመድ ይዘረጋል፤ የሊጡ ጠርዝ በእንቁላል ረጥቦ ይገጠማል፤ መገጣጠሚያው ወደ ታች ሆኖ በቢላዋ ይቆራረጣል፤ በመጨረሻም አናቱ በትንሹ ይሰነጠቃል፤ እንፋሎቱ መውጫ ካጣ ጎኑን ቀድዶ ይወጣልና። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የሊጡን ጥራት ማንም በዓይኑ አይቶ ሊፈርድ ይችላል። የሥጋውን ግን በላተኛው የሚያውቀው ከጎረሰ በኋላ፣ ያውም ካወቀው ነው።

ጥቅል ቋሊማ የግብዣ ምግብ ከመሆኑ በፊት የጎዳና ምግብ ነበር። በ1809 በሪ ኤንድ ኖርዊች ፖስት የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ፣ ሊንግ ስለሚባል የ75 ዓመት ትጉህ ቸርቻሪ ሲያወሳ፣ ሳሉፕ የሚሉትን ትኩስ መጠጥ፣ ጣፋጭ ዳቦና ጥቅል ቋሊማ ይሸጥ እንደነበረ ጽፏል። ዘመኑ የእንግሊዝ ገበሬ ከመሬቱ እየተነቀለ ወደ ከተማ የሚጎርፍበት ነበር። በ1801 አንድ ሚሊዮን ያህል የነበረው የለንደን ሕዝብ በ1851 ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሆነ። ከዚህ ሕዝብ ብዙው በአንዲት ክፍል ተፋፍጎ የሚኖር፣ መጋገሪያ ምድጃ ቀርቶ በቂ ማገዶ እንኳ የሌለው ሠርቶ አደር ነው። ስለዚህ የሚበላውን ከጎዳና ገዝቶ ቆሞ ይበላል። የሊጡ መጠቅለያ ለእርሱ ሳህኑም ማንኪያውም ነበር።

ሔንሪ ሜይሂው ስለ ለንደን ድኆች በ1851 ባሳተመው ሰፊ ጥናት የእነዚህን የጎዳና ሻጮች ኑሮ መዝግቧል። ፓይ፣ ማለትም በሊጥ የተከደነ ሥጋ፣ የሚሸጠው ሰው ከደንበኛው ጋር ሳንቲም ይጣጣል፤ ደንበኛው ከረታ ፓዩን በነጻ ይወስዳል፣ ከተረታ ሳንቲሙን ከፍሎ ባዶ እጁን ይሄዳል። ሻጩ ወደ መጠጥ ቤት ሲገባ ደግሞ ጠጪዎቹ እንደ ድመት «ሚያው»፣ እንደ ውሻም «ው! ው!» እያሉ ይቀበሉት ነበር። ቀልድ ነው፤ ነገር ግን የሚቀልዱት የሚበሉት ሰዎች ናቸው። ሌላ የሚበላ ያላገኘ ሰው በሚበላው ላይ ከመሳቅ በቀር ምን ምርጫ አለው?

ይህ ሳቅ ወደ ሥነ ጽሑፍ ለመግባት ጊዜ አልወሰደበትም፤ እንዲያውም ከሜይሂው ቀድሞ ገብቷል። ቻርልስ ዲከንስ በ1836 እና በ1837 በተከታታይ ክፍሎች ባወጣው የፒክዊክ ልብ ወለድ፣ ሳም ዌለር የተባለው ተጫዋች አሽከር ብዙ ድመቶች ስለሚያረባና ሥጋውን በቅመም ኃይል ከበሬም ከበግም ስለሚያስመስል የፓይ ነጋዴ ያወጋል። ይኸው ገጸ ባሕርይ በሌላ ቦታ በእንፋሎት የሚሠራ የቋሊማ መኪና ስለፈለሰፈና በመጨረሻ ራሱ ተፈጭቶ ስለቀረ ሰው ይተርካል፤ ምስጢሩን ያወጣው ከቋሊማው ውስጥ የተገኘው የሱሪው ቁልፍ ነው። ከዚያም በ1846 መጨረሻ «የዕንቁ ድርድር» የተሰኘ ተከታታይ ታሪክ በርካሽ ሳምንታዊ መጽሔት መውጣት ጀመረ። ደንበኞቹን አርዶ ሥጋቸውን ለፓይ ጋጋሪዋ ለወይዘሮ ሎቬት የሚያቀብለው ፀጉር አስተካካይ ስዊኒ ቶድ የተወለደው እዚህ ላይ ነው። ታሪኩ ታትሞ ሳያልቅ፣ በ1847 ጆርጅ ዲብዲን ፒት ወደ ተውኔት መልሶት ሆክስተን በተባለው የድኆች ሰፈር በሚገኘው ብሪታንያ ቲያትር ታየ። የቲያትሩ ተመልካች በዚያች ምሽት እየተንቀጠቀጠ ያየውን ነገር በማግሥቱ ለምሳ ገዝቶ ይበላዋል። ተውኔቱ ፍርሃቱን አልፈጠረውም፤ ስምና መልክ ሰጠው እንጂ። በቅኔያችን ሰም ወርቅን ይሸፍናል፣ ሰሙ ሲቀልጥም ወርቁ ይወጣል። በዚያን ጊዜው የለንደን ጎዳና ግን ከወርቁ ይልቅ ሰሙ ይሻል ነበር።

ጥርጣሬው መሠረት እንደነበረው ያረጋገጠው ሐኪሙ አርተር ሂል ሐሳል ነው። ከ1851 እስከ 1854 ከየሱቁ የተገዛውን ምግብ በማይክሮስኮፕ እየመረመረ፣ ውጤቱን ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ከነሻጮቹ ስምና አድራሻ አወጣ። በዳቦ ውስጥ አሉም የሚባል ነጭ ማዕድን፣ በተፈጨ ቃሪያ ውስጥ ከእርሳስ የሚሠራ መርዛም ቀይ ቀለም ተገኘ። ምክር ቤቱ በ1860 ሕግ ቢያወጣም፣ መርማሪ መቅጠርን ለየአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ስለተወው የረባ ውጤት አላመጣም። እውነተኛ ጥርስ ያለው ሕግ የወጣው በ1875 ነው። በዚህ መካከል በ1864 አንድ የፓይና የጥቅል ቋሊማ ጅምላ አምራች ለምግብነት የማይበቃ ብዙ ሥጋ በግቢው አከማችቶ በመገኘቱ 15 ፓውንድ ተቀጣ። ሕግ ቢወጣም ልማድ ቶሎ አይሞትም። በ1894 በስርቆት ተከሶ ፍርድ ቤት የቀረበ አንድ የሥራ ተለማማጅ፣ ጥቁር ዳቦ በቀይ አፈር፣ በጨውና በቁንዶ በርበሬ ዘፍዝፎ የበሬ ሥጋ ቋሊማ ማስመሰልን መማሩ በችሎቱ ተሰማ። ከተማሪው ስርቆት ይልቅ የአስተማሪው ትምህርት ይከብዳል።

በዚያው ዘመን ይኸው ምግብ በሌላ በር ወደ ሌላ ቤት ገብቷል። ኢዛቤላ ቢተን በ1861 ያሳተመችው የቤት አያያዝ መጽሐፍ የጥቅል ቋሊማን አሠራር ይዟል፦ ንብብር ሊጥ፣ የቋሊማ ሥጋ፣ የእንቁላል አስኳል። የመጽሐፉ አንባቢ ምድጃ ያለው፣ ሥጋውን ከሚያውቀው ሉካንዳ የሚያስመጣ፣ ብዙውን ጊዜም ወጥ ቤት ሠራተኛ የሚቀጥር መካከለኛ መደብ ነው። እንግዲህ ስሙ አንድ፣ ቅርጹ አንድ፣ ጎዳናው ላይና ሳሎኑ ውስጥ ግን ሁለት ምግብ። ምድጃ ያለው በእምነት ይበላል፤ ምድጃ የሌለው በጥርጣሬ። የምግብ ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ቅቤውና ስለ ቅመሙ ብዙ ሲሉ ይህችን ልዩነት በችኮላ ማለፋቸው ያስገርማል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ልዩነቱ ለጊዜው ጠበበ። ከ1940 ጀምሮ ቅቤና ሥጋ በራሽን ሆነ፤ ቋሊማ ከራሽን ውጭ ቢቀርም እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ በተገኘ ጊዜም ከሥጋው ዳቦው ይበዛ ነበር። አሁን ግን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም እኩል ይቀልድበታል። የሥጋ ራሽን የተነሣው በሐምሌ 1954 ነው።

ከባሕሩ ማዶ፣ በቤልጅግ አንትወርፕ፣ የዚህ ምግብ ዘመድ የተለየ ክብር አለው። ከምዕራባውያኑ የጥምቀት በዓል ቀጥሎ ያለው ሰኞ «የጠፋው ሰኞ» ይባላል፤ ያን ቀን በቋሊማ የተሞላ ዳቦና በሊጥ የተጠቀለለ ፖም ይበላል። ስሙን አንዳንዶች የከተማው ሹማምንት ቃለ መሐላ ይፈጽሙበት ከነበረ ቀን ጋር ያያይዙታል፤ ሌሎች ሥራም ደመወዝም የሌለበት ቀን ስለነበረ ነው ይላሉ። በጎረቤት ሆላንድ ደግሞ የብራባንት ቋሊማ ዳቦ በ2016 በአገሪቱ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

በእንግሊዝ ግን ክርክሩ አላበቃም። በመጋቢት 2012 የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ኦዝቦርን ከዳቦ ቤት በትኩሱ በሚሸጥ ምግብ ላይ የ20 በመቶ ቀረጥ ለመጣል አሰቡ። ጥቅል ቋሊማ ትኩስ የሚባለው ስንት ዲግሪ ሲሆን ነው? ከምድጃ ወጥቶ እየቀዘቀዘ ያለውስ? ምክር ቤቱ በዚህ ተጠመደ። ጋጋሪዎች እስከ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያ ድረስ ሰልፍ ወጡ፤ በግንቦት ወር መጨረሻ መንግሥት በራሱ እንዲቀዘቅዝ የተተወውን ከቀረጡ ነጻ በማድረግ አፈገፈገ። ለሚኒስትሩ የሂሳብ መዝገብ አንድ መሥመር የነበረው ለሠራተኛው ምሳው ነበር። በጥር 2019 ደግሞ ከነዚሁ ተቃዋሚዎች አንዱ የነበረው ግሬግስ የተባለው የዳቦ ቤቶች ኩባንያ ቅንጣት ሥጋ የሌለበት፣ ከፈንገስ በተገኘ ፕሮቲን የተሞላ ጥቅል ቋሊማ አወጣ። በ1894 ሥጋ አለመኖሩ በቀይ አፈር ተሸፍኖ ነበር፤ በ2019 ሥጋ አለመኖሩ በማስታወቂያ ተነግሮ ገዢው ተሻማበት።

የኢትዮጵያ ግብዣ በዚህ ረገድ የራሱ ሥርዓት አለው። ሳምቡሳ ከጥቅል ቋሊማ እጅግ የቆየ የዘር ሐረግ ያለው ምግብ ነው፤ ስሙ ከፋርስ የመጣ ሲሆን በ13ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ በተጻፈ የምግብ መጽሐፍ ውስጥ አሠራሩ ይገኛል። ዛሬ በአዲስ አበባ ሠርግም ሆነ ምርቃት ላይ ሳህኑ ሲዞር፣ ሥጋ የያዘውና ምስር የያዘው በመልክ አይለዩም። ስለዚህ እንግዳው አንዱን ያነሣና ወደ አፉ ሳያደርስ ወደ አስተናጋጇ ቀና ይላል። «እኅቴ፣ የጾም ነው የፍስክ?» ትመልስለታለች፤ እርሱም በቃሏ ይጎርሳል።