ወረርሽኝና ቅሬ፦ ከቆራጣ እስከ መካነ ሰላም

«ወረርሽኝ» የሚለው ቃል ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም። ወረረ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ጦር አገር ይወራል፤ አንበጣ አዝመራ ይወራል፤ በሽታም ሕዝብን ይወራል። ቃሉን የፈጠረው ሕዝብ በሽታን የለየው እንደ ሐኪም በምልክቱ ሳይሆን በአመጣጡ ነው፤ እንደ ዘማች ከሩቅ ተነሥቶ፣ መንገድ ይዞ፣ ሳይጠራ የሚገባ አድርጎ ቆጥሮታል። የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ግን የጦሩን ወረራ በምዕራፍ፣ የበሽታውን ወረራ በአንድ መስመር ሲያልፉት ይታያል። በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምሞክረው ወረርሽኝ ከሰው ነፍስ ቀጥሎ የሚፈታው የቀብርን ሥርዓት መሆኑን፣ የማኅበራዊ ኑሮአችንም ታሪክ ከዚያው መፈለግ እንዳለበት ነው።

ተወልጄ ያደግሁት በወሎ ቦረና፣ በመካነ ሰላም ነው። በዚያ አገር ሰው ሲሞት የሚቀብረው ዘመዱ ብቻ አይደለም፤ ቅሬው ነው። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለውን ይመስላል። ጠሪው ከጉብታ ላይ ሆኖ ይለፍፋል፤ ያን የሰማ ሁሉ ሞፈሩን ጥሎ ይመጣል። መቃብር የሚቆፍረው፣ ቃሬዛ የሚሸከመው፣ ውሃና እንጨት የሚያቀርበው፣ ለለቅሶኛው እንጀራ የሚያመጣው በተራ ነው። የቀረ ይቀጣል። የክርስቲያኑን መቃብር ሙስሊሙ፣ የሙስሊሙን ክርስቲያኑ ሲቆፍር ማየት ለእኛ ብርቅ አይደለም። ከቅሬ የተለየ ሰው እሳት እንኳ የሚያጭርለት የለም ይባላል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከመንግሥት ዳኛ ይልቅ የቅሬውን ዳኛ ቢፈራ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ይህ ሥርዓት በሙሉ የቆመው በአንድ ግምት ላይ ነው፤ ይኸውም ሟቹ አንድ፣ ቀባሪው ብዙ መሆኑ ነው። ቁጥሩ ሲገለበጥ ምን ይሆናል?

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን የመቅደላ ታሪክ መቅድም ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 ኮሌራ በመካ የሐጅ መንገደኞችን ፈጀ። ከዚያ በባሕር ተሻግሮ ወደ ግብፅና ወደ አውሮፓ ዘለቀ፤ በቀይ ባሕር በኩልም ወደ እኛ ገባ። በተከታዩ ዓመት የአውሮፓ መንግሥታት በሽታውን እንዴት ከወደብ እንመልሰው ብለው በቁስጥንጥንያ ጉባኤ ሲቀመጡ፣ በሽታው ጣና ዳር ደርሶ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ሠራዊታቸውን ከዘጌ ወደ ቆራጣ አሻግረው ሰፍረው ሳለ ኮሌራ ሰፈሩን መታው።

የዚያ ዘመን የጦር ሰፈር ተንቀሳቃሽ ከተማ ነው። ከወታደሩ ጋር ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ አሽከሩ፣ ጋሻ ጃግሬው፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ጠጅ ጣይዋ አብረው ይሄዳሉ፤ በዚያም ላይ የጋማና የቀንድ ከብት አለ። ይህ ሁሉ ፍጡር የሚጠጣውና የሚታጠበው ከአንድ ዳርቻ ነበር። የኮሌራ መንገዱ ውሃ መሆኑን ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን አሳይቶ ነበር፤ ነገር ግን በገዛ አገሩም ቢሆን ገና በሙሉ ልብ አልተቀበሉትም። እንግዲህ የቆራጣውን ሰፈር ባለማወቅ ልንከሰው አንችልም። ሠራዊቱ ሐይቁን ለቆ ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ወጣ። በእስረኝነት አብሮ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ስለዚያ ዘመን በጻፈው መጽሐፍ የሰፈሩን እልቂትና የጉዞውን ሰቆቃ ተርኮታል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የሟቾቹ ብዛት ብቻ አይደለም። ወታደሩ ቅሬ የለውም። ቅሬው በትግሬ፣ በበጌምድር፣ በጎጃም፣ በሸዋ ትቶት የመጣው መንደር ነው። በሰፈር ሲታመም የሚያስታምመው ባልንጀራው እሱም ታሟል፤ ሲሞት ሠራዊቱ ይነሣል። የቴዎድሮስ ሠራዊት ለምን ከዳ ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ ከካህናት ጋር በመሬት ምክንያት የተነሣው ጠብ፣ በየአውራጃው የፈላው ዐመፅ፣ የንጉሡ ቅጣት መክፋት። ይህን አልክድም። በበኩሌ ግን ከዚህ ጋር ሊቆጠር የሚገባው ሌላም ነገር ያለ ይመስለኛል። ወንድሙን መንገድ ላይ ጥሎ የሄደ ወታደር፣ እሱም ነገ እንደዚሁ እንደሚጣል ያውቃል። እንዲህ ያለው ሰው ሌሊት ተነሥቶ ወደ አገሩ ቢሄድ የሚሄደው ንጉሡን ጠልቶ ብቻ ሳይሆን የሚቀብረው ሰው ፍለጋም ጭምር ነው።

ብላንክና ባልንጀሮቹ በሐምሌ 1858 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ተልከው በዚያ ታሠሩ። ቴዎድሮስም በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ፣ መንገድ እያስጠረጉ ወደዚያው አምባ ተጓዙ። ኮኬት በርና ካፍር በር ሲዘጉ አምባውን ሰው እንደማይገባበት እናውቃለን። ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች ሲገቡበት በሮቹን የሚጠብቅ ሰው ያነሰው ግን ከመድፉ በፊት ነው። ያ ሁሉ ሠራዊት የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከመቅደላ ግርጌ ብቻ ሳይሆን ከጣና ዳርም መጀመር አለበት።

ከዚህ ላይ ወደ ስሞቹ ልመለስ። በዜና መዋዕሎቻችን ሰውን የፈጀ ወረርሽኝ «ፈንግል» ተብሎ ተጠርቶ ይገኛል። ፈነገለ ማለት ገልብጦ ጣለ ማለት ነው፤ ቆሞ የሚሄደውን ሰው በድንገት ሲደፋው ያየ ሰው ያወጣው ስም ነው። ዛሬ ፈንግል ቢባል ገበሬው የሚያስበው የዶሮ በሽታ ነው። የነገሥታትን ሰፈር የፈታ ስም ቆጥ ሥር ወርዶ ቀርቷል። ኮሌራን አያቶቻችን «የነፋስ በሽታ» ይሉት ነበር። በእኛ ዘመን ደግሞ «አተት» መጣ፤ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ከሚለው ፊደል ተለቅሞ የተሠራ ነው። የፊተኞቹን ስሞች ያወጣው ዐይን ነው፤ ይህን ያወጣው ጽሕፈት ቤት ነው። ሰውን አያስደነግጥም፤ ምናልባትም የተፈለገው ይኸው ይሆናል።

ከሁሉ ጠንክሮ የቆየው የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ስም ነው። ዓለም የስፔን ኢንፍሉዌንዛ ያለውን ወረርሽኝ እኛ በወሩ ጠራነው። በአዲስ አበባ ብቻ ከ5000 እስከ 10000 የሚገመት ሰው ሞቷል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ በጽኑ ታመው ተርፈዋል። ቆፋሪ ጠፍቶ በአንድ ጉድጓድ ብዙ ሰው ተቀበረ፤ ፍትሐቱም ተዝካሩም የሚሆን አልሆነም። ወሎ በዚያን ጊዜ ከሰገሌ ጦርነት ገና ሁለት ዓመቷ ነበር፤ በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ መቅደላ ላይ ተከበው ከወጡም አንድ ዓመት ብቻ አልፎ ነበር። አያቴ ዕድሜዋን ስትጠየቅ ዓመት አትቆጥርም፤ «ለኅዳር በሽታ ጡት አልጣልሁም ነበር» ትላለች። በኅዳር 12 ቀን የግቢውን ጉድፍ ሰብስባ ታጥን ነበር። ለምን ስላት «ነፋሱ እንዲጠራ» ብላኛለች። እንግዲህ ኮሌራን ነፋስ ያሰኘው አስተሳሰብ በእሷ ጢስ ውስጥ ሲኖር አየሁት ማለት ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአዲስ አበባ በአንድ ሰው ላይ መገኘቱ ተነገረ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ የዚያ ዓመት ምርጫም ወደ 2013 ተላለፈ። በሚያዝያ አክስቴ መካነ ሰላም ላይ አረፈች። የሞተችው በዚያ በሽታ አልነበረም። መኪና ስላላገኘሁ አዲስ አበባ ተቀምጬ በስልክ አለቀስሁ። አራት ሰው ቃሬዛ ይሸከማል፤ የሚተካው ግን የለም።

በኋላ ስሄድ የቅሬው ዳኛ እንዴት እንዳደረጉት ነገሩኝ። ቆፋሪዎቹ ጥቂት ጥቂት ሆነው እየተተካኩ ቆፈሩ። የቀረው ሰው ከማዶ ካለው ተረተር ላይ ተበታትኖ ቆመ፤ አልቀረበም፤ ወደ ቤቱም አልሄደም። ሬሳው እስኪገባ ቆይቶ ከዚያው እጅ ነሥቶ ተመለሰ። መዝገቡን እንዳይ ጠየቅኋቸውና አሳዩኝ። በዚያ ቀን የቅሬተኛው ስም ሁሉ በተርታ ተጽፏል፤ ከማዶ የቆሙት ሁሉ «ተገኝተዋል» ተብለዋል። የእኔ ስም ላይ ግን 50 ብር ተጽፎ ነበር። ከፈልሁ።