ውጫሌ ላይ ሳይደረግ የቀረው ፍተሻ

የውጫሌ ውል ሲነሳ ሁላችንም የምንጠቅሰው 17ኛውን አንቀጽ ነው። የአማርኛው ቅጂ ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ ይቻላቸዋል ይላል። የጣሊያንኛው ቅጂ ግን በዚያ በኩል ሊላላኩ ተስማምተዋል ብሎ ያስራቸዋል። አንዱ ፈቃድ፣ ሌላው ግዴታ። ይህን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሰምተነዋል።

ሁለት አንቀጽ ዝቅ ብሎ ያለውን 19ኛውን ግን የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነው። እሱ የሚለው ውሉ በጣሊያንኛና በአማርኛ መጻፉን፣ ሁለቱ ቅጂዎች ፍጹም መስማማታቸውን፣ ሁለቱም እኩል የሚታመኑ መሆናቸውን ነው። እንግዲህ ልብ በሉ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አምባሰል ውስጥ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ የተፈረመው ሰነድ ስለ ራሱ ትክክለኛነት ራሱ መስክሯል። ምስክርነቱ ግን ከእውነት የራቀ ነበር።

ልዩነቱ የተጋለጠው ሰነዱ ሦስተኛ አንባቢ እጅ ሲገባ ነው። ኢጣሊያ 17ኛውን አንቀጽ ይዛ በ1882 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ ዘውድ መጫናቸውን ለነገሥታቱ ሲጽፉ፣ ከለንደን የመጣው መልስ ግንኙነቱ በኢጣሊያ በኩል መሆን እንዳለበት የሚያሳስብ ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ክርክሩ ቀጠለ፣ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ምኒልክ ውሉን እንደማይቀበሉ አሳወቁ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ሆነ። ጦርነቱ በአንድ ግስ ምክንያት ብቻ መጣ አልልም፤ የቅኝ ግዛት ፍላጎቱ ቀድሞም ነበር። ለፍላጎቱ የሕግ ልብስ ያለበሰው ግን ያ ሳይመሳከር ያለፈ ቅጂ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ስለ ኮምፒውተር ፋይል ለመናገር ነው። ትንሽ ታገሱኝ፤ ነገሩ ከሚመስለው በላይ ይቀራረባል።

ኮምፒውተር ሁሉንም ነገር የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። መስፈሪያው ባይት ይባላል፤ አንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ብቻ ይይዛል። ውሉ የተፈረመበትን 1881ን ለማስቀመጥ ታዲያ ሁለት ባይት ያስፈልጋል፤ 7 እና 89። ሰባት ጊዜ 256 ሲደመር 89፣ 1881 ይሆናል። ጥያቄው የትኛው ይቅደም ነው። የኢንቴል ፕሮሰሰር የአንድ ቤቱን ያስቀድማል፤ መጀመሪያ 89፣ ቀጥሎ 7 ይጽፋል። ትልልቆቹ የአይቢኤም ማሽኖች ደግሞ በተቃራኒው 7ን አስቀድመው 89ን ያስከትላሉ። ሁለቱም በየቤታቸው ልክ ናቸው። አንዱ የጻፈውን ሌላው በራሱ ልማድ ሲያነበው ግን 1881 የነበረው 22791 ሆኖ ይወጣል። ማስጠንቀቂያ የለም፣ ፕሮግራሙም አይቆምም፤ ዝም ብሎ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣችኋል።

ዳኒ ኮኸን የተባሉ የኮምፒውተር ሳይንቲስት በ1980 እ.ኤ.አ. ለዚህ ጭቅጭቅ ስም ያወጡለት ከጉሊቨር ጉዞዎች ነው፤ እንቁላል በወፍራሙ ጫፍ ይሰበር ወይስ በቀጭኑ ብለው ከተዋጉት ሰዎች። የትኛውም ቢመረጥ ግድ የለም፤ ግድ የሚለው ሁለቱም ወገን በአንዱ መስማማታቸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ፋይል የሚጽፍና የሚያነብ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ሥራውን እንዴት ይፈትሻል? የተለመደው መንገድ ይህ ነው፦ ፕሮግራሙ 1881ን ይጽፋል፣ መልሶ ያነባል፣ 1881 ካገኘ «ይሠራል» ይባላል። ይህ ፍተሻ ጥሩ መነሻ ነው፤ ብቻውን ግን ያታልላል። ጸሐፊውና አንባቢው አንድ ዓይነት የተሳሳተ ግምት ካላቸው እርስ በርሳቸው ይስማማሉ። አማርኛው በአዲስ አበባ ሲነበብ እንከን አልነበረውም፤ ጣሊያንኛውም በሮም ሲነበብ እንዲሁ። እያንዳንዱ በገዛ ቤቱ ፈተናውን አልፏል።

ስለዚህ የሚያስተማምን ፍተሻ ከዚያ ይርቃል። አንደኛ፣ ደንቡ አስቀድሞ በጽሑፍ ይቀመጣል፤ የባይቶቹ ቅደም ተከተል፣ አንድ ቁጥር ስንት ባይት እንደሚይዝ፣ ፊደሉ በየትኛው ሠንጠረዥ እንደሚጻፍ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ባይቱ ቀድሞ የታወቀ የናሙና ፋይል ይዘጋጃል፤ ፕሮግራሙ የጻፈው ከዚያ ጋር ባይት በባይት ይመሳከራል። ሦስተኛ፣ ሌላ ዓይነት ማሽን ላይ የተጻፈ ፋይል ይሰጠውና ያነባል። አራተኛ፣ ሆን ተብሎ ግማሹ የተቆረጠ ፋይል ይሰጠዋል፤ እዚህ ላይ ትክክለኛው መልስ ግምት ሳይሆን «ይህ ፋይል ጎዶሎ ነው» የሚል ግልጽ እምቢታ ነው።

በየቀኑ የምትልኩት የፒኤንጂ ምስል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፋይሉ ሁልጊዜ በእነዚህ ስምንት ባይቶች ይጀምራል፦ 137፣ 80፣ 78፣ 71፣ 13፣ 10፣ 26፣ 10። መካከል ያሉት 13 እና 10 የመስመር መለያ ቁጥሮች ናቸው። መንገድ ላይ አንድ ፕሮግራም ምስሉን ጽሑፍ መስሎት የመስመር መለያውን ከቀየረው፣ አንባቢው ገና ከመግቢያው ያውቃል። ምርመራው ፋይሉ ውስጥ ተቀብሯል ማለት ነው።

የእኛ ፊደልም በዚህ መንገድ አልፏል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አማርኛን ኮምፒውተር ላይ ያስጻፉ ሰዎች ባለውለታዎቻችን ናቸው። ችግሩ ግን አንድ ባይት 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ የእኛ ሆሄያት ከዲቃላዎቹ፣ ከቁጥሮቹና ከሥርዓተ ነጥቡ ጋር ከዚያ ይበልጣሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሶፍትዌር በራሱ ሠንጠረዥ ደለደላቸው፤ አንዳንዱም በበርካታ ፎንት ከፋፈላቸው። በአንዱ ሠንጠረዥ አንድ ፊደል የነበረው ቁጥር በሌላው ሌላ ፊደል ሆነ። ፎንቱ ከሌለ ደግሞ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይመጣል። የመመረቂያ ጽሑፉን በዚያ ዘመን ፍሎፒ ላይ ያስቀመጠ ሰው የምለው ይገባዋል።

በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ የግዕዝን ፊደል አካተተና የጋራ ሠንጠረዥ አገኘን። እዚያም ቢሆን ቅደም ተከተሉ ካልታወቀ ነገር ይበላሻል። «ሐ» በሁለት ባይት ሲጻፍ 18 እና 16 ነው፤ ገልብጣችሁ 16 እና 18 ብላችሁ ብታነቡት የበርማ ፊደል ይሆናል። ሐይቅ ብለን የጻፍነው ገና በመጀመሪያ ፊደሉ እስያ ገባ ማለት ነው። ዛሬ የተስፋፋው ዩቲኤፍ-8 ይህን ጭቅጭቅ የዘጋው የባይቶቹን ቅደም ተከተል በደንቡ ውስጥ በማሰር ነው፤ «ሐ» በየትኛውም ማሽን 225፣ 136፣ 144 ነው።

ሐይቅን ካነሳን አይቀር፣ ከውጫሌ ወደ ደሴ ሲመጣ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ተቃራኒውን ታሪክ ይነግረናል። አባ ኢየሱስ ሞአ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍ ዛሬም ይነበባል። የብራናው ጥንካሬ አንድ ነገር ነው። ግን መጽሐፉ ማን፣ መቼ፣ ለማን እንደሰጠው በራሱ ገጽ ላይ ተጽፎበታል፤ የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝርም ይዟል። በብራና መጻሕፍታችን ውስጥ የተዘለለ ቃል ከመስመሩ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት ገብቶ ማየት የተለመደ ነው፤ አንድ ሰው መልሶ አንብቦ አርሞታል ማለት ነው። አንባቢውም አልተቋረጠም። ንባብ ቤት የገባ ተማሪ በመምህሩ ፊት ድምፁን አውጥቶ ያነባል፣ ሲሳሳት ይታረማል። ሰባት መቶ ዓመት የተሻገረው ቆዳውና ቀለሙ ከዚህ ፍተሻ ጋር ሆነው ነው።

በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ይህን ወንጌል በቁጥር 1832 መዝግቦታል። በዚያ ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ፊልም ተነሥተዋል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ሚኒሶታ ተቀምጠው በሺህ የሚቆጠሩትን መርምረው ካታሎግ አድርገዋል። ማይክሮፊልም ለማንበብ ብርሃንና ማጉያ መነጽር ይበቃል። የኮምፒውተር ፋይል ግን ደንቡን የሚያውቅ ፕሮግራም ከሌለ የቁጥር ክምር ነው።

ይህ ሁሉ አሁን ለምን ያስፈልገናል? በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በወሎ ሲያልፍ የመንግሥት ቢሮዎች ተዘርፈዋል፣ ሰነድ ጠፍቷል። የይዞታ ማስረጃው የጠፋበት ገበሬ ምን ላይ እንደሚቆም አስቡት። «ሰነዶቻችን ወደ ኮምፒውተር ይግቡ» የሚለው ጥሪ ትክክል ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን ወደ ኮምፒውተር መግባት ግማሹ ሥራ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ሻጩ ድርጅት ከተዘጋ በኋላ፣ በሌላ ማሽን ላይ ይከፈታል ወይ?

«ዛሬ ኮምፒውተሩም ስልኩም በአብዛኛው አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ነው የሚጠቀመው፤ ይህ የድሮ ጣጣ ነው» የሚል ባለሙያ ይኖራል። እውነት አለው። የአደጋው ምንጭም እሱ ነው፤ ሁሉም ማሽን አንድ ሲመስል ግምቱን የሚፈትሽ ይጠፋል። የኢንተርኔት የመገናኛ ደንቦች ደግሞ እስከዛሬ የአንድ ቤቱን በመጨረሻ ነው የሚልኩት። የቁጥሩ ስፋት፣ የቀኑ አቆጣጠር፣ የፊደሉ ሠንጠረዥም ገና ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያያል። እኛ ደግሞ የራሳችን የዘመን አቆጣጠር ያለን ሰዎች ነን፤ «2014» የሚል ቁጥር ብቻውን የማን 2014 እንደሆነ አይናገርም።

ስለዚህ የመሬት መዝገብ፣ የልደት ምዝገባ ወይም የፍርድ ቤት ፋይል የሚይዝ ሲስተም የሚረከብ መሥሪያ ቤት ከመፈረሙ በፊት የሚጠይቀው ይኑረው። የፋይሉ ደንብ በጽሑፍ ይሰጠው። ባይቱ የታወቀ ናሙና ይቀመጥለት። ሻጩ በሌለበት፣ ሌላ ባለሙያ በሌላ ማሽንና በሌላ ፕሮግራም ከፍቶ አንብቦ ያሳየው። ፍተሻው በየዓመቱ ይደገም። ይህ ከአዲስ ሕንፃ ምርቃት ያነሰ ወጪ ነው።

በርክክብ ሰነዱ ላይ «ከሁሉም ጋር ይስማማል» የሚል መስመር ስታዩ ግን ብዕራችሁን አስቀምጡ። 19ኛው አንቀጽም ያለው ይህንኑ ነበር።