መድኃኒት አልቀበልም ያለን ሕመምተኛ የማስገደድ ሥልጣን የማን ነው?

(በራዲዮ ከቀረበ ንግግር)



የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በብዙ ቤት ያለ፣ ግን በር ተዘግቶ የሚወራ ነው። አእምሮው የታመመ የቤተሰባችን አባል «እኔ አልታመምኩም፣ ክኒናችሁን አልውጥም» ሲል ምን እናድርግ? «ግድ ትወስዳለህ» የማለት ሥልጣንስ የማን ነው?

በመካነ ሰላምና በዙሪያው ባለው የደቡብ ወሎ ደጋ፣ በቦረና፣ በወግዲ፣ በለጋምቦ፣ በሳይንት፣ የዚህ ጥያቄ መልስ ለዘመናት በቤተሰብ እጅ ነበር። ለታመመው ቁርኣን ይቀራለታል፣ ዱዓ ይደረግለታል። ክርስቲያን ጎረቤትም ሕመምተኛውን ጸበል ይወስዳል። ሕመሙ ጠንቶ ሰው መማታት ወይም ሌሊት ወጥቶ መጥፋት ሲጀምር ግን ከቤቱ ምሰሶ ጋር ይታሰራል። የሚያስሩት ጨካኞች አይደሉም። ልጇ ገደል እንዳይገባባት የፈራች እናት ናት እያለቀሰች የምታስረው። ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነበርና! ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገራችን የነበረው ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአዲስ አበባው አማኑኤል ነበር። የታመመ ሰው ይዞ በአቀስታ በኩል ደሴ፣ ከደሴም አዲስ አበባ መድረስ ለገበሬ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ አድማጮቻችን ታውቁታላችሁ።

በ1980ዎቹ በአእምሮ ሕክምና የሠለጠኑ ነርሶች በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል መመደብ ጀመሩ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። መድኃኒቱ ቀስ በቀስ ወደ ደጃችን ቀረበ፤ አልሐምዱሊላህ። ያን ጊዜ ግን አዲስ ጥያቄ ተከተለ። ዱሮ ችግሩ መድኃኒት ማጣት ነበር፤ አሁን መድኃኒቱ ተገኝቶ ሕመምተኛው እምቢ ይላል። ከዚያም ክኒኑ ተፈጭቶ ከሻይ ጋር ይሰጠዋል፤ ወይም አራት ጎልማሶች ይዘውት መርፌ ይወጋል። ገመዱ ቢፈታም ማስገደዱ ቀጠለ።

ለመሆኑ የቀደሙት ሙስሊሞች ይህን እንዴት አዩት? በ12ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድን የጎበኘው የቱዴላው ቢንያም የተባለ አይሁዳዊ መንገደኛ ያየውን ጽፎ ትቷል። በከተማይቱ ቢማሪስታን፣ ማለትም ሆስፒታል፣ አእምሯቸው የታወከ ሰዎች በብረት ሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። እስከዚህ ድረስ ከእኛ ቤት ምሰሶ ብዙም አይለይም። ነገር ግን ቀለባቸው ከኸሊፋው ቤት ነበር። ከሁሉም በላይ የኸሊፋው ሹሞች በየወሩ እየመጡ እያንዳንዱን ይመረምሩ፣ አእምሮው የተመለሰለትንም ፈትተው ወደ ቤቱ ይሰዱት ነበር። ሰንሰለቱን የሚጠይቅ፣ የሚፈታበትንም ቀን የሚቆጥር ሰው ነበረ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1354 በሐለብ (አሌፖ) የተሠራው የአርጉን ቢማሪስታን ደግሞ ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ክፍል ከነፏፏቴው ነበረው።

የፊቅህ ዑለማዎችም በጉዳዩ ላይ በሰፊው ጽፈዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አእምሮውን የሳተ ሰው እስኪሻለው ድረስ ተጠያቂነት እንደተነሣለት አስተምረዋል። ከዚህ ተነሥተው ዑለማዎች «ሐጅር» የተባለውን፣ ማለትም በራስ ንብረት ከማዘዝ መታገድን ደነገጉ። ሆኖም ሁለት ነገሮችን አጥብቀው ያዙ። አንደኛ፣ ወሊዩ ማለትም ኃላፊው የሚሠራው ለታማሚው ጥቅም ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ በሻፊዒይ መዝሀብ ሰውየው ሲሻለው እገዳው የቃዲ ፍርድ ሳያስፈልግ ወዲያውኑ ይነሣል። መብቱ በአማና የተቀመጠ እንጂ የተወሰደ አልነበረምና። በሱረቱ አን-ኒሳእም ማስተዋል ላነሳቸው ሰዎች ገንዘብ እንዳንሰጥ ስንታዘዝ በዚያው መልካም ንግግር እንድንናገራቸውም ታዘናል። እገዳና አክብሮት አብረው የሚሄዱ መሆናቸውን ልብ ይሏል!

ወደ አገራችን ሕግ እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ማንም ሰው ምርመራም ሆነ ሕክምና አልፈልግም ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ሆኖም በፍርድ ለተከለከለ ሰው የተሾመ አሳዳሪ ለጤንነቱ የሚጠቅመውን ሕክምና እንዲያገኝ ማድረግ ይችላል። እንግዲህ በሕጉ መንገድ ከቤተሰብና ከሕመምተኛው መካከል ዳኛ አለ።

ይኸው ሕግ በአንቀጽ 342 የገጠሩን ቤት ጭምር አይቷል። ነዋሪዎቹ ከሁለት ሺህ በታች በሆኑበት ቦታ፣ ቤተሰቡ የሚጠብቀውና እንዳይንቀሳቀስ ያገደው ሰው እብደቱ የታወቀ ነው ይላል። ግን ይህ የተጻፈው የዚያ ሰው ውል ይጸናል ወይስ ይፈርሳል የሚለውን ለመወሰን ነው። ሕጉ ገመዱን አየ፤ የጠየቀው ግን ስለ ውሉ ነው። እስከ መቼ ይታሰራል? ማን ይፈታዋል? የሚለውን በዚያ አንቀጽ አልጠየቀም።

የ1997 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ በሕመሙ ምክንያት ለድርጊቱ ኃላፊ ያልሆነ ሰው በፍርድ ቤት ትእዛዝ በተቋም እንዲቆይ ወይም እንዲታከም ይፈቅዳል፤ ፍርድ ቤቱም ውሳኔውን በየሁለት ዓመቱ እንዲመረምር ያዛል። ይህ ግን የሚመጣው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። ማንንም ሳይጎዳ በጓዳ ተኝቶ ምግብና መድኃኒት እምቢ ላለው ልጅ ፍርድ ቤት የሚሄድ ቤተሰብ የት አለ? ፍርድ ቤቱ የሚታወሰው መሬት ወይም ውርስ ሲነሣ ብቻ ነው።

በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1983 በሰጠው ውሳኔ፣ ሰው ሆስፒታል በግድ ስለገባ ብቻ መድኃኒት እምቢ የማለት መብቱን አያጣም ብሏል። ማመዛዘን የማይችል ከሆነ ዳኛው «ይህ ሰው ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ምን ይመርጥ ነበር?» ብሎ ጠይቆ ይወስናል። አገራችንም በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት የሕመምተኛው ፈቃድና ምርጫ እንዲከበር ይጠይቃል።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ እኛ ሐኪምም ዳኛም አይደለንም። ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ግን አንድ ነገር ነው፦ ጠያቂ የሌለው ማስገደድ ወደ ግፍ ይሄዳል፤ በፍቅር ቢጀመርም እንኳ።

ስለዚህ በቅድሚያ እምቢ ያለበትን ምክንያት እንጠይቀው። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ እጁን ያንቀጠቅጠዋል፣ ሰውነቱን ያደርቀዋል፤ ይህን ለሐኪሙ ብንነግር መጠኑ ሊቀነስ ወይም መድኃኒቱ ሊለወጥ ይችላል። ተደብቆ የተሰጠ ክኒን ግን የታወቀ ዕለት ምግባችንን ሁሉ ያስጠረጥራል። በደኅናው ጊዜም «ሕመሙ ቢመለስብህ ማን እንዲወስንልህ ትፈልጋለህ?» እንበለው፤ ቃሉንም እንያዝለት። ሕይወት የሚያሰጋ ሆኖ ማስገደድ ግድ ከሆነ ብቻችንን በጓዳ አንወስን፤ ባለሙያውና እንደ ሁኔታው ፍርድ ቤቱ ይግባበት። ያን ጊዜም ጉዳዩ እንደገና የሚታይበት ቀን ይቆረጥ። የባግዳድ ሹሞች በየወሩ ይመጡ ነበር፤ በእኛ ቤት ማን ይመጣል?

አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይላክላቸው፤ ለሚያስታምሙትም ሶብሩን ይስጣቸው። አሚን።