«ይሄንን ሰጥተን ያንን እናምጣ» ከማለታችሁ በፊት፦ የኤንቢኤ ትሬድ እንዴት ነው የሚሠራው?

እሑድ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2025፣ በአዲስ አበባ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ አንድ ዜና ወጣ። ሉካ ዶንቺች ከዳላስ ማቬሪክስ ወደ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ፣ አንተኒ ዴቪስ ደግሞ ከሌከርስ ወደ ዳላስ። ብዙ ሰው የጋዜጠኛው አካውንት ተጠልፎ ነው ብሎ ነበር። አልተጠለፈም።

ከዚያ ወዲህ «ሉካ ከተሸጠ ማንም ይሸጣል» የሚል ክርክር በዛ። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ብቻ። ማንም ሊሸጥ ይችላል፣ በማንኛውም መንገድ ግን አይሸጥም። ስለዚህ ቡድናችሁ እገሌን ያምጣ አያምጣ ብላችሁ ከመከራከራችሁ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ጠይቁ።

መጀመሪያ፦ ይሄ የእግር ኳስ ዝውውር አይደለም

የፕሪምየር ሊግ ዝውውር ለለመደ ሰው የኤንቢኤው ነገር ግራ ያጋባል። እዚያ ክለብ ለክለብ ገንዘብ ይከፍላል፣ ተጫዋቹም በደመወዙ ካልተስማማ ዝውውሩ ይቀራል። ኤንቢኤ ላይ ግን ተጫዋች የሚገዛበት የዝውውር ሂሳብ የለም። ተጫዋች በተጫዋች፣ ወይም ተጫዋች በወደፊት የድራፍት ምርጫ ነው የሚቀየረው። ተጫዋቹ የፈረመው ውልም እንዳለ አብሮት ይሄዳል። አዲሱ ቡድን ደመወዝ ልቀንስ ብሎ መደራደር አይችልም።

ጥያቄ 1፦ ደመወዙ ይገጥማል?

አብዛኛው የደጋፊ ሐሳብ የሚሞተው እዚህ ጋ ነው። ሊጉ የደመወዝ ጣሪያ አለው። በ2024-25 የውድድር ዓመት ጣሪያው ወደ 140.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ጣሪያውን ማለፍ ይቻላል፣ አብዛኞቹ ቡድኖችም አልፈውታል። ግን ካለፋችሁ በኋላ የምትቀበሉት ደመወዝ ከምትሰጡት ጋር መቀራረብ አለበት። 5 ሚሊዮን የሚከፈለውን ልጅ ሰጥቶ 40 ሚሊዮን የሚከፈለውን ኮከብ ማምጣት የለም።

የሉካና የዴቪስ ልውውጥ ከሒሳብ አንፃር ቀላል የሆነው ለዚህ ነው። ሁለቱም በዚያ ዓመት ደመወዛቸው ወደ 43 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚህ ላይ ማክሲ ክሌበርና ማርኪፍ ሞሪስ ከሉካ ጋር ወደ ሌከርስ፣ ማክስ ክሪስቲ ከዴቪስ ጋር ወደ ዳላስ ሄዱ። ዩታ ጃዝም ሦስተኛ ቡድን ሆኖ ገባ፤ የሌከርሱን ጄለን ሁድ-ሺፊኖን ወሰደ፣ ለዚህም ሁለት የሁለተኛ ዙር ምርጫ አገኘ። «ዩታ ምን አገባው?» ላላችሁ መልሱ ይሄ ነው፦ ሒሳቡ እንዲዘጋ አንድ ደመወዝ የሚሸከም ቤት ያስፈልግ ነበር።

ጥያቄ 2፦ ቡድኑ ከኤፕረን በላይ ነው?

ከጣሪያው በላይ ሁለት መስመር አለ፣ አንደኛና ሁለተኛ ኤፕረን ይባላሉ። በ2024-25 የመጀመሪያው ወደ 178 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው ወደ 189 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከአንደኛው በላይ ያለ ቡድን በልውውጥ ከሰጠው ደመወዝ አንድ ዶላር እንኳ አብልጦ መቀበል አይችልም። ከሁለተኛው በላይ ያለው ደግሞ እጁ ታሰረ ማለት ነው። ሁለት ሦስት ተጫዋች ደምሮ ለአንድ ኮከብ መስጠት አይፈቀድለትም፣ በልውውጥ ውስጥ ጥሬ ገንዘብም መላክ አይችልም።

ፊኒክስ ሰንስን እዩት። ከሁለተኛው ኤፕረን በላይ እያለ ጂሚ በትለርን ፈልጎ ነበር። ትልቅ ደመወዝ ያለው የሚቀየር ሰው ብራድሊ ቢል ነበር፣ እሱ ደግሞ ያለፈቃዱ እንዳይቀየር የሚከለክል አንቀጽ ውሉ ውስጥ ነበረው። በትለር ወደ ጎልደን ስቴት ሄደ። ቢል በ2025 ክረምት ከፊኒክስ ጋር ተስማምቶ ውሉን አፍርሶ ወደ ክሊፐርስ ገባ።

ጥያቄ 3፦ ከየትኛው ዓመት ነው የሚከፈለው?

የድራፍት ምርጫ ማለት ወደፊት የሚመጣ ወጣት ላይ ቅድሚያ የመምረጥ መብት ነው። ቡድኖች እስከ ሰባት ዓመት ድረስ ያለውን ምርጫቸውን መስጠት ይችላሉ። ግን ልክ አለው፤ በሁለት ተከታታይ የወደፊት ዓመታት ያለ አንደኛ ዙር ምርጫ መቅረት አይፈቀድም። ሕጉ የስቴፒየን ሕግ ይባላል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የክሊቭላንድ ባለቤት የነበረው ቴድ ስቴፒየን ምርጫውን እየበተነ ስላስቸገረ የወጣ ነው።

ምርጫ ዛሬ ወረቀት ነው፣ ነገ ሰው ይሆናል። በ2013 ብሩክሊን ኔትስ ያረጁትን ኬቨን ጋርኔትንና ፖል ፒርስን ከቦስተን ለማምጣት ሦስት የአንደኛ ዙር ምርጫ ሰጠ፣ በ2017 ደግሞ ምርጫ የመለዋወጥ መብት ጨመረ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ኔትስ ዋንጫ ሳያይ ሁለቱ ተጫዋቾች ሄዱ። ቦስተን ግን በአንዱ ምርጫ ጄይለን ብራውንን ወሰደ። የ2017ቱ መብት አንደኛ ምርጫ ሆኖ ሲወጣለት ወደ ሦስተኛ ወርዶ ጄይሰን ቴተምን መረጠ። ሁለቱ በ2024 ቦስተንን ሻምፒዮን አደረጉ።

በ2019 ክሊፐርስ ፖል ጆርጅን ለማምጣት ለኦክላሆማ ሲቲ ተንደር አምስት የአንደኛ ዙር ምርጫ፣ ሁለት የመለዋወጥ መብትና ሁለት ተጫዋች ሰጠ። ከሁለቱ አንዱ ሼይ ጊልጀስ-አሌክሳንደር የሚባል ልጅ ነበር። ከምርጫዎቹ በአንዱ ጄለን ዊሊያምስ መጣ። በ2025 ተንደር ዋንጫውን አነሳ፣ ሼይ የዓመቱም የፍጻሜውም ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ለክሊፐርስ ግን ፍትሐዊ እንሁን። ያኔ ካዋይ ሌናርድን ለማስፈረም ጆርጅን ማምጣት ነበረበት፣ በ2021ም በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የምዕራቡ ፍጻሜ ላይ ደርሷል። ከስሩ ዋጋው ነው የበዛው።

ጥያቄ 4፦ ልውውጥ ነው ወይስ ፊርማ?

«ለምን ዝም ብሎ አያስፈርመውም?» የሚል ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። ማስፈረም የሚቻለው ውሉ ያለቀን ወይም ቡድኑ የለቀቀውን ተጫዋች ነው። ገበያው የሚከፈተው በሰኔ መጨረሻ፣ ጁን 30 ነው። ጣሪያው ውስጥ ቦታ የሌለው ቡድን ለውጭ ተጫዋች በተወሰነ መጠን ብቻ ነው የሚከፍለው። የራሱን ተጫዋች ግን ጣሪያውን አልፎም ማስቀረት ይችላል። ይሄ መብት በላሪ በርድ ስም ነው የሚጠራው።

ሌላ ቶሎ የሚረሳ ነገር፦ በክረምት አዲስ የፈረመ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ እስከ ዲሴምበር 15 አይቀየርም። ስለዚህ ኦክቶበር ላይ «ትናንት የፈረመውን ልጅ ጨምረን እንስጥ» የሚል ፖስት ካያችሁ እለፉት።

ጥያቄ 5፦ አልቋል?

ተፈረመ፣ ተጨበጨበ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። የሕክምና ምርመራ አለ። ሌከርስ ሉካን ባመጣ በዚያው ሳምንት ሴንተሩን ማርክ ዊሊያምስን ከሻርሎት ለማምጣት ተስማምቶ ነበር። ምርመራውን አላለፈም ተብሎ ልውውጡ ተሰረዘ። ሊሄድ የነበረው ዳልተን ኔክት ወደ ሌከርስ ተመለሰ። አስቡት፣ ቡድናችሁ አልፈልግህም ካላችሁ በኋላ እዚያው መልበሻ ክፍል መመለስ!

ይሄ ወደ አንድ ትልቅ ነገር ይወስደናል። ሉካ ልውውጡን አልጠየቀም፣ አስቀድሞም አልተማከረም። ከ2018 ጀምሮ ዳላስ ነበር፣ ከወራት በፊት በ2024 ቡድኑን ለፍጻሜ አድርሶታል። በውል ውስጥ መቀየርን የመከልከል መብት የሚያገኘው ስምንት ዓመት ሊጉ ውስጥ፣ አራት ዓመት ደግሞ በዚያው ቡድን የቆየ ተጫዋች ነው፤ እሱም ቡድኑ ከተስማማ። በዚያን ጊዜ ሌብሮን ጄምስ ነበረው። ሌላው አብዛኛው ተጫዋች ግን ማታ ተኝቶ ጠዋት የሌላ ከተማ ሰው ሊሆን ይችላል። ስልካችን ላይ እንደ ካርታ የምንበውዛቸው ስሞች ቤትና ልጆች ያሏቸው ሰዎች ናቸው።

ታዲያ የሉካ ትሬድ ምን ነበር?

እስካሁን ባየናቸው ጥያቄዎች እንፈትነው። ደመወዙ ገጥሟል። ኤፕረኑ አላገደውም። ምርመራው አልፏል። ሕጋዊ ነው። ችግሩ ያለው ዋጋው ላይ ነው። ሉካ 25 ዓመቱ፣ ዴቪስ 31። ዳላስ በተጨማሪ ያገኘው ከክሪስቲ ሌላ የሌከርስን የ2029 የአንደኛ ዙር ምርጫ ብቻ ነው፣ አንድ። ብሩክሊን ላረጁ ኮከቦች ሦስት፣ ክሊፐርስ ለጆርጅ አምስት እንደከፈሉ አይተናል። ድርድሩም በሚስጥር ተካሄደ፣ ሉካ ለሌሎች ቡድኖች አልቀረበም። በሬውን ገበያ ሳያወጣ ለመጀመሪያው ጠያቂ የሸጠ ሰው ዋጋውን በምን ያውቃል?

ጀነራል ማናጀሩ ኒኮ ሃሪሰን ምክንያቴ መከላከል ነው ብሎ ነበር። ዴቪስ በዳላስ የመጀመሪያ ጨዋታው ላይ ተጎዳ፣ ቡድኑ ፕሌይኦፍ ሳይገባ ቀረ፣ ሃሪሰን በኖቬምበር 2025 ተሰናበተ። ዳላስን ያዳነው እቅድ ሳይሆን ዕጣ ነው፤ በ1.8 በመቶ ዕድል አንደኛ ምርጫ ወጥቶለት ኩፐር ፍላግን ወሰደ።

በሚቀጥለው ፌብሩዋሪ የልውውጡ ቀን ሊዘጋ ሲል ወሬው ይበዛል። አንድ ሰው «እገሌን በእገሌ» ብሎ ሲጽፍላችሁ ማን ይሻላል ብላችሁ አትጀምሩ። ደመወዛቸው ስንት ነው፣ ቡድኑ ከየትኛው መስመር በላይ ነው፣ የየትኛው ዓመት ምርጫ ነው የሚሰጠው ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካለው ክርክሩ ተጀመረ። መልስ ከሌለው ግን ምኞቱን ነው የጻፈላችሁ።