የጦር ሞገድን መጋራት፦ የአሜሪካ የባሕር ኃይል ራዳሮች ታሪክ

በአሜሪካ ከ3550 እስከ 3650 ሜጋኸርዝ ያለው የሬዲዮ ሞገድ ለረጅም ዘመን በዋናነት የጦር ራዳሮች ይዞታ ነበር። የጦር መርከብ በማይደርስበት ስፍራ ግን ሞገዱ ሥራ ፈትቶ ይውል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ሞገዱን ከሲቪሎች ጋር ለመጋራት የቀረበው ሐሳብ ከባሕር ዳርቻ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ሰፊ የክልከላ ቀጠና የሚጠይቅ ነበር። ታላላቅ ከተሞች በዳርቻው ስለሚገኙ፣ ይህ ጥቅሙን ከሥሩ የሚያሳጣ ነበር። በ2015 የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የተለየ መንገድ ያዘ፤ ከ3550 እስከ 3700 ሜጋኸርዝ ያለውን ሞገድ ለሦስት እርከን ተጠቃሚዎች ደለደለ። ነባሮቹ ይቀድማሉ፣ በጨረታ ፈቃድ የገዙት ይከተላሉ፣ የተረፈውን ሌሎች ይጠቀሙበታል። በዳርቻው የተተከሉ መሣሪያዎች የራዳር ምልክት ሲያገኙ፣ ማዕከላዊው የኮምፒውተር ሥርዓት የሲቪሉን ማሠራጫ ወደ ሌላ ፍሪኩዌንሲ ያዛውራል ወይም ያቆመዋል።

መሣሪያዎቹ የመርከቦችን እንቅስቃሴ ያጋልጣሉ የሚለው ስጋት ተገቢ ነበር፤ ስለዚህም ደንቡ የወታደራዊ መረጃ ምስጢርነት እንዲጠበቅ ያስገድዳል። ሞገዱን ከራዳሮች ነፃ አድርጎ መሸጥ የበለጠ ገቢ ያስገኛል የሚለው ክርክርም ክብደት አለው። ሆኖም ራዳሮችን ማዛወር ብዙ ዓመታትና ብዙ ወጪ ይጠይቃል፤ የተጋራው ሞገድ የቅድሚያ ፈቃድ ደግሞ በ2020 ጨረታ ከ4.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቷል። ስለዚህ መጋራት የመከላከያን መብት አይሸረሽርም፤ ቅድሚያው በሕግ ከተረጋገጠ ባክኖ የሚቀረውን የሕዝብ ሀብት ሥራ ላይ ያውላል።